የድሬዳዋን ዛፍ ከፍሬ አሳድጌ አዳማ ላይ እንዴት እንዳበበልኝ

ሰገባውን ያመጣሁት በ2008 ሰኔ ላይ ነው፣ ድሬ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ስመለስ ከዚራ ሰፈር መንገድ ዳር ከወደቁት አምስት ለቅሜ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰገባ የምለው ፍሬው የሚቀመጥበትን ነው፣ ጠፍጣፋ፣ እንጨት የሆነ፣ አንዳንዱ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ፣ ልጆች ሆነን እያወዛወዝን እንደ ጽናጽል የምንጫወትበት። እኛ የድሬዳዋ ዛፍ እንበለው እንጂ መነሻው ማዳጋስካር ነው፣ ዘሩ ደግሞ ከነአተር ከነባቄላ ወገን ነው፣ ሰገባውን ከፍታችሁ ፍሬዎቹ በየክፍላቸው ተራ በተራ ተኝተው ስታዩ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ሃያ ፍሬ በቀጥታ አፈር ውስጥ ቀበርኩና ጠዋት ማታ አጠጣሁ። አንድ ወር ጠበቅኩ ምንም የለም። ቆፍሬ ሳይ አብዛኛዎቹ ልክ እንደቀበርኳቸው ናቸው፣ ጠጠር፣ ውሃ እንኳን አልገባቸውም፣ ጥቂቶቹ በስብሰዋል። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ፍሬው የሞተ መስሎኝ። ችግኝ ጣቢያ ለብዙ ዓመት የሰሩ ጎረቤታችን ግን አንዷን ፍሬ በጣታቸው እያገላበጡ አዩና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆዳው ውሃ አያስገባም፣ መጀመሪያ በሩን ክፈችለት" አሉኝ።

ከዛ በሁለት መንገድ ሞከርኩ። ግማሹን በብርጭቆ ወረቀት ጎን ጎኑን ፋቅኩት፣ ቡኒው ቆዳ ሄዶ ከስር ነጣ ያለው ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ (ፍሬው ሹል በሆነበት ጫፍ በኩል አትፋቁ፣ ስሩ የሚወጣው እዛ ጋ ነው)፣ ከዛ ለብ ባለ ውሃ አሳደርኩት። ሌላውን ግማሽ ደግሞ ውሃ አፍልቼ ከእሳት አወረድኩና ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ አፍስሼበት እዛው ቀዝቅዞ እንዲያድር ተውኩት። ጠዋት ስነሳ የተፋቁት ሁሉም አብጠው እጥፍ ሆነዋል፣ ከፈላው ውሃ ውስጥ ግን ያበጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው፣ ያላበጡትን ፍቄ መለስኳቸው። ስለዚህ ያላችሁ ፍሬ ጥቂት ከሆነ ፋቁት፣ ጊዜ ይፈጃል ግን አያሳፍርም። በሳምንት በአስር ቀን ውስጥ አስራ አራት በቀሉልኝ!

አፈሩን ቀይ አፈር፣ አሸዋና ኮምፖስት ቀላቅዬ በችግኝ ፕላስቲክ አደረግኩት፣ ለእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ፕላስቲክ። እዚህ ጋ የጎዳሁት ነገር አለ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ አቆየኋቸውና ስራቸው ታች ተጠምዝዞ ነበር፣ ከአንድ ክንድ ሲያልፉ ክረምቱ ሲገባ ወደ መሬት ማውረድ ነበረብኝ። አንዳንድ ሰው የጥራጥሬ ዘር ስለሆነ መሬቱን ራሱ ያዳብራል ይላል፣ ይሄኛው ግን እንደ ባቄላ ስሩ ላይ መሬት የሚያዳብረውን እባጭ አያወጣም፣ ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ኮምፖስት አትንፈጉት።

ሁለቱን ለራሴ አስቀርቼ ሌላውን ለሰፈር ሰው አደልኩ። አንዱን በር ላይ ጥላ እንዲሆነን ብዬ ከግንብ አጥሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተከልኩት፣ ሌላውን ጓሮ መሃል ሜዳው ላይ። የበሩ ዛፍ በአራተኛው ዓመት ስሩ መሬቱን እየገፋ ከላይ ታየ፣ ግንቡ ተሰነጠቀ፣ ምንም ማድረግ አልተቻለም፣ ተቆረጠ። የቆረጥነው ቀን ቤት ውስጥ ገብቼ ነው የተቀመጥኩት፣ ማየት አልቻልኩም። ስሩ ወደ ጥልቀት ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ቅርንጫፉም እንደ ጃንጥላ ነው የሚዘረጋው፣ እንጨቱም ንፋስ ላይ ስብር ይላል፣ ከቤት፣ ከአጥር፣ ከውሃ ቱቦ ቢያንስ ስምንት አስር ሜትር አርቁት፣ ቦታ ከሌላችሁ ደግሞ እባካችሁ ሌላ ነገር ትከሉ።

የጓሮው አምስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆነ። እንዴት ያለ ለምለም መሰላችሁ፣ ግን አንድ አበባ የለም። አክስቴ ጋ ደውዬ በበጋ በሳምንት ሶስቴ እንደማጠጣው ስነግራት ጮኸችብኝ፣ "አቦ ተዪው! እዚህ በበጋ ማን ያጠጣዋል? ይራቆት፣ ከዛ ነው የሚያብበው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ድሬ በሙቀቱ በድርቁ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ነው የሚቆየው። ከጥቅምት በኋላ ውሃ አቆምኩ። ጥር ላይ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ፣ የካቲት ላይ ባዶ እንጨት ሆኖ ቀረ፣ ገደልኩት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፣ በየቀኑ እየሄድኩ ቅርንጫፉን በጥፍሬ ጫር እያደረግኩ አያለሁ፣ ከስር አረንጓዴ ነው፣ እንደገና እመለሳለሁ፣ ባልዲውን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው።

በዛ ዓመት አላበበም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። በሚቀጥለውም ያወጣው ቅጠል ብቻ ነው። ያበበው በ2016 ግንቦት ላይ ነው፣ ከተዘራ ስምንተኛ ዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ አዳማ ከድሬ ከፍ ስለምትል ትንሽ የዘገየ ይመስለኛል። ውርጭ ያለበት ደጋ ላይ ግን አትሞክሩት፣ አይችልም።

ጠዋት ወጥቼ ከላይ በኩል ሁለት ዘለላ ቀይ አየሁ። ወንበር ላይ ቆሜ አንዱን ወደ ታች ሳብኩት፣ አምስት ቅጠል ነው ያለው አበባው፣ አራቱ ደማቅ ቀይ፣ አምስተኛው ቀና ብሎ የቆመው ደግሞ ነጭ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ልጅ ሆኜ ያንን ነጠብጣብ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አክስቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ፣ ስልኩን ወደ ላይ አዙሬ አሳየኋት፣ ዝም አለች፣ ዝም አለችና "ውሃ አጠጣሽው እንዴ?" አለችኝ። አላጠጣሁም አልኳት።