የቮልሷ ባትሪ ምንም አላጠፋም

ሽሮ ሜዳ መኖር አንድ ጥቅም አለው፤ ቁልቁለት አይጠፋም። ባለፈው ክረምት ሙሉ የአባቴን ቮልስ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ ነው ያቆምኳት። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው አንዴ «እእእ» ይልና ዝም። ከዚያ ፍሬን ለቀቅ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅ፤ ድው ድው ብላ ትነሳለች። ሰፈሩ በእሷ ሰዓት ማወቅ ጀምሮ ነበር።

በፈረንጆቹ የ1968 ምርት ናት፣ ባለ 12 ቮልት። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ባትሪው ያለበትን የኋላ ወንበር እንኳ ሳያነሳ «ባትሪው ሞቷል» አለኝ። አዲስ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሠራ፣ ከዚያ ያው «እእእ»። ቀጥሎ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዲናሞ ጠረጠርኩ። ሶማሌ ተራ ዞሬ ዞሬ ካርቦን አገኘሁለት። የድሮዎቹ እውነትም አልቀው ስለነበር አልቆጨኝም፤ ግን ለውጥ የለም።

ያታለለችኝ ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው ቀይ የቻርጅ መብራት ናት። ቁልፍ ስከፍት ትበራለች፣ ሞተር ሲነሳ ትጠፋለች፤ እኔም ቻርጅ ያደርጋል ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ እሷ የምታየው የዲናሞውና የባትሪው ቮልት መቀራረቡን ብቻ ነው፣ ባትሪው ጋ ምን ያህል እንደደረሰ አይመለከታትም። (እየነዳችሁ ከበራች ግን እዚያው ቁሙ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ቮልስ ውሃ የላትም፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የሚዞረው በዚያው ዲናሞ ነው።)

በመጨረሻ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቋትን ሽማግሌ ኤሌትሪሻን ለመንኩ።

«ጋሼ፣ ዲናሞው ነው ወይስ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር?»

«ቴስተር አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሱን ጠይቀው እንጂ።»

የኋላ ወንበሩን አነሳን። ባትሪው በቀኝ በኩል ተቀምጧል። ሞተር ጠፍቶ ቴስተሩ 12.6 ቮልት አነበበ፤ ተነስቶ ነዳጅ ስሰጠው 12.9። ወደ 14 መጠጋት ነበረበት። ጋሼ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው ብረት ላይ አድርገው «አስነሳ!» አሉኝ። ሁለቱም ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ኔጌቲቭ ብረት) ስለሆኑ በመሃላቸው ዜሮ አካባቢ ነው መነበብ ያለበት። ከ2 ቮልት በላይ አነበበ።

«አየህ፣ መመለሻው መንገድ ተዘግቷል።»

ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የጎማ ትራስ ላይ ነው። ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው አፍንጫ የተዘረጋች አንዲት ጠፍጣፋ የሽቦ ሹሩባ ናት። ከስር ገብቼ አየኋት፤ አረንጓዴ ሆናለች፣ አብዛኛው ክሯ ተበጥሷል፣ ብሎኗን ጭቃ ውጧታል። ኤሌክትሪኩም ሌላ መንገድ ፈልጓል፦ ጋሼ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ዳስስ አሉኝ፤ ሞቋል!

አዲስ ሹሩባ አሰርን። ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ ከላይ ግሪስ ቀባሁት። አሁን ነዳጅ ስሰጣት 14.1 ታነባለች። ማታ ትልቁን መብራት አብርቼ መንገድ ተጨናንቆ ስቆም ቀይዋ ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ እሱ የዲናሞ ጠባይ ነው፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብዙ አይሰጥም።

ወንበሩን ከመመለሳችን በፊት ጋሼ ባትሪው ላይ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ አነጠፉ። ከኋላ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ ፖዘቲቩን ከነካ እሳት ነው።

አሮጌው ባትሪዬን ያው ጋራዥ ነው በርካሽ የተረከበኝ። አሁን የሌላ ሰው መኪና እያስነሳ ይሆናል።