ከመኪና ግርግር የመጣ ስጦታ

ለገና እናቴ ቤት ባዶ እጄን መግባት አልወድም። ዘንድሮ ግን ኪሴ ባዶ ነው። ታኅሣሥ 29 ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሐረር ጀጎል ገብቼ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር ሄድኩ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ሲያንገረግሩት ይውላሉ። አንዱን አባባ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠየቅኳቸው። «ውሰጂው ልጄ፣ ለኔማ ጥራጊ ነው» ብለው ፌስታሌን ሞሉልኝ።

ለእናቴ ማቶት አሰብኩ። ጨርቁን በቀጭኑ ቀደድኩ፣ ሦስት ሦስቱን እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩ፣ ከዚያ ክብ እያዞርኩ በወፍራም መርፌ ሰፋሁት። የመጀመሪያው ሰፍቶብኝ ጀበናው ተንጋደደ። ፈታሁት። መሀሉን አጥብቤ፣ ዳሩን ከፍ አድርጌ ስሰፋው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጣቴ ግን ተበሳስቷል፤ ቲምብል የሚባለው የጣት መከላከያ ለካ ትርፍ አይደለም!

ለእህቶቼ ፀጉር ማስያዣ ሰፋሁ። የገዛሁት ላስቲክና ክር ብቻ ነው። ለአክስቴ ደግሞ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት የሐረር ቡና፣ ጥሬውን። እሷ የሌላ ሰው አቆላል አይጥማትም።

በበዓሉ ቀን እናቴ ማቶቱን አገላብጣ አየችና «ስንት ገዛሽው?» አለች። ዝም አልኩ። «ተወዶብሽ እንዳይሆን ብቻ» ብላ ጀበናውን አስቀመጠችበት።