«እንግሊዝ፣ የግራ» ብዬ የጻፍኩባት ወረቀት

ሲያትል ውስጥ በአንድ የብስክሌት ጥገና ሱቅ እሠራለሁ። ከሱቁ ሥር ምድር ቤት አለ። በመሳቢያ፣ በቡና ጣሳና በእንጨት ሳጥን የተሞላ የአሮጌ ብስክሌት ዕቃ የተከማቸው እዚያ ነው። በጥር ወር፣ ዝናቡ ሳያባራ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰሞን፣ የሱቁ ባለቤት ጠራኝና «ያንን ምድር ቤት አጽዳልኝ። የሚሸጠውን ሽጠው፣ የማይሸጠውን ለቁራሌው ስጠው። ቦታው ያስፈልገኛል» አለኝ።

ወረድኩ። መጀመሪያ ያነሳሁት የኋላ ጎማ መሃል ላይ የሚገባ ባለ ሦስት ማርሽ ስተርሚ አርቸር ነበር። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ብረቱ ላይ «64» የሚል ቁጥር፣ አጠገቡም «7» ተመትቶበታል። ስተርሚ አርቸር የተባለው ፋብሪካ ዕቃው የተሠራበትን ዓመትና ወር ብረቱ ላይ ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1964፣ ኖቲንግሃም፣ እንግሊዝ ማለት ነው። በእጄ አዞርኩት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ዞረ። ይህን ለቁራሌ መስጠት አንጀቴ አልቻለም።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ምን እንደሆነ ያውቃል። በሰዓት እየተከራየን ነው የተማርነው። ትምህርት ሲዘጋ የምውለው መንገድ ዳር ከሚጠግኑ አንድ ሰውዬ ጋር ነበር። ጋሼ ምንም ነገር አይጥሉም። የተበሳ ካላማዳሪያ ላስቲክ ሆኖ ዕቃ ያስራል፤ የተሰበረ ራጅ፣ የጎማው ሽቦ፣ ተሞርዶ መርፌ ይሆናል። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ የሚሉትን ቃላት ከሳቸው ነው የቃረምኩት። ብዙዎቹ ጣልያንኛ መሆናቸውን ያወቅሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። አንድ ጣልያን አሜሪካዊ ደንበኛችን ለወንድሜ በስልክ «ዳዶውን አላላው» ስል ሰምቶ፣ ከየት ተማርከው ብሎ ግማሽ ሰዓት አዋርቶኛል።

ከጋሼ የተማርኩት ሌላ ነገርም አለ። ማንኛውንም ቡሎን በጣታቸው ሳያስገቡ ቁልፍ አያነሱም። በጣት ሦስት አራት ዙር ካልሄደ ያወጡትና ያዩታል። ይህንን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ምድር ቤቱን ሳጸዳ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከደንበኞቻችን መካከል አሮጌ ብስክሌት የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ለትርፍ አይደለም፤ ፍቅር ነው። አንዱ የግራ ፔዳል አጥቶ ሁለት ዓመት ይፈልጋል፤ ሌላው ያንኑ ፔዳል ሁለት ይዞ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። በመካከላቸው ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር አለ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ለምን አንድ ካርቶን አይዞርም?

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ካርቶኑ ከእኔ ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ሰው ይሄዳል። እሱ የሚፈልገውን ያወጣና በምትኩ ተመጣጣኝ ዕቃ ያስገባል። ከዚያ ለሚቀጥለው ይልካል። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ከኦሪገን እስከ ኦሃዮ። ገንዘብ የለበትም። እያንዳንዱ የሚከፍለው ወደ ሚቀጥለው ሰው የሚልክበትን ብቻ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዋጋቸው በክብደት የማይለወጥ ካርቶኖች አሉት። አገር ውስጥ እስከ 70 ፓውንድ፣ ወደ 32 ኪሎ ገደማ፣ ተመሳሳይ ያስከፍላል። ለብረት ላኪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለ አስተሻሸግ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብረት ካርቶን ይበላል። በሺህ ኪሎ ሜትር መንቀጥቀጥ ውስጥ የፔዳል ጫፍ ካርቶኑን እንደ ጥፍር ይበሳዋል። መፍትሔው ቤታችን ውስጥ ነበር፤ የተጣለ ካላማዳሪያ። እየቆራረጥኩ እያንዳንዱን ዘንግና ሹል ነገር አለበስኩት። የኩሽኔታ ኳሶችን በጠርሙስ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ። ግራሶውን ሙልጭ አድርጌ አጠብኩ፤ ካርቶን በቅባት ከራሰ ይቀደዳል። በዚህ በኩል አንድም ችግር አልደረሰም።

ችግሩ የመጣው ከወረቀቱ ነው።

በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ወረቀት አሰርኩ። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ምድር ቤት ተቀምጬ በአንድ ምሽት ከስልሳ በላይ ጻፍኩ። «ሲምፕሌክስ፣ የፊት ማርሽ ቀያሪ፣ ትንሽ ተሰንጥቋል።» «ካምፓኞሎ፣ የፊት ጎማ መሃል፣ ጥሩ።» ከእንግሊዝ ዕቃዎች ጣሳ ውስጥ አንዲት ኩባያ አወጣሁ። ኩባያ የምለው የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት ቧንቧ ጫፍ ላይ በጥርሷ፣ ማለትም እንደ ቡሎን ባለው ጠመዝማዛ መስመሯ፣ እየዞረች ገብታ የምትጠብቀዋን፣ ውስጧ ኩሽኔታ የሚቀመጥባትን የብረት ቀለበት ነው። የግራ ነበረች። ንጹሕ ናት፤ ውስጧ እንደ መስታወት ያበራል። «እንግሊዝ፣ የግራ፣ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ስፋት የምለካበት ካሊፐር በሽርጥ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ካርቶኑ ሄደ። በሁለት ወር ውስጥ አምስት እጅ አለፈ። ሰዎች ያወጡትንና ያስገቡትን ፎቶ እያነሱ ይልኩልኛል። ያንን ባለ ሦስት ማርሽ የወሰደው የሞንታና ሰው ብስክሌቱን ሲነዳ ቪዲዮ ላከልኝ። ሱቁ ውስጥ ለሁሉም አሳየሁ። በእውነት በሥራዬ እንደዚያ ወር የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አንድ ማክሰኞ ከዊስኮንሲን ስልክ ተደወለ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በዝርዝሩ ላይ ስድስተኛው። የሚያድሱት የሞተ ወንድማቸውን ብስክሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ ሬይኖልድስ 531 ከሚባለው ቀጭን ብረት። ያቺ ኩባያ ብቻ ነበረች የጎደለቻቸው።

«በእጄ ጀመርኳት» አሉኝ። «ሁለት ዙር ሄደች። ከዚያ ከበደችኝ። ቁልፍ ያዝኩ። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጭራሽ ቆመች። ሳወጣት የቧንቧው ጥርስ እንደ ፀጉር ተላጭቶ አብሯት ወጣ።»

ምን እንደምል ጠፋኝ።

«ለምን አላቆሙም?» አልኳቸው። ጥያቄዬ ራሱ አሁን ያሳፍረኛል።

«ወረቀቱ እንግሊዝ ስለሚል ዝገት መሰለኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያ ነው የከበደኝ።

ፎቶ ላኩልኝ፤ ኩባያዋን ደግሞ አጠገቧ ካሊፐር አስቀምጠው። 35 ሚሊ ሜትር። ፈረንሳዊት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዙ ጥርስ ስፋቱ 1.37 ኢንች ነው፤ 34.8 ሚሊ ሜትር። በአንድ ኢንች 24 ጥርስ አለው። የፈረንሳዩ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ልክ 1 ሚሊ ሜትር። የስፋቱ ልዩነት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይታይም። ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ልዩነት ደግሞ 0.06 ብቻ ነው። ግን ይደመራል። ስድስተኛው ጥርስ ላይ ሲደርስ ከሲሶ ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አንዱ ብረት ሌላውን መብላት አለበት፤ የኩባያዋ ብረት ደግሞ ከቧንቧው ይልቅ ጠንካራ ነው።

በቀኝ በኩል የምትገባዋ ኩባያ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የእንግሊዙ ቀኝ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ የፈረንሳዩ ወደ ቀኝ። ገና ስትጀምር እምቢ ትላለች። የግራዋ ግን በሁለቱም አገር ወደ ቀኝ ነው የምትዞረው። ትስማማለች። እሺ ብላ ትጀምራለች። ከሁሉም ዕቃ መለካት የነበረብኝ እሷን ነበር።

እኔ ሱቅ ውስጥ ብሆን ኖሮ ይህ ስህተት በሁለት ደቂቃ ይያዛል። ዕቃው ከእጄ ወደ ብስክሌቱ ነው የሚሄደው። ጣቴ ይነግረኛል። ጋሼ ያስተማሩኝ ጣት። በፖስታ ሲሄድ ግን ጣቴ አብሮ አይሄድም። ወረቀቷ ብቻ ናት የምትሄደው። ደግሞም ሰው የባለሙያ ጽሑፍ ሲያይ የራሱን ጣት አያምንም። እኚህ ሰው እጃቸው እውነቱን ነግሯቸው ነበር፤ የኔ ጽሑፍ ነው ያስተባበለው።

ለሱቁ ባለቤት ሄጄ ነገርኩት። ምን አደረግክ ብሎ ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ሌሎቹ ወረቀቶችስ?»

እሱን አላሰብኩም ነበር። ደነገጥኩ። ከስልሳ በላይ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ምሽት፣ በአንድ እጅ። ገሚሱ ዕቃ የሰዎች ብስክሌት ላይ ገብቷል። ምናልባት አንዱ የመሪ ወይም የፔዳል ዕቃ ሆኖ ሰው ቁልቁለት ላይ ይዞ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ሥራ ትቼ ስልክ ላይ ዋልኩ። አሥሩንም ደወልኩላቸው። «ከእኔ ወረቀት ጋር የመጣ ዕቃ ሁሉ እስኪለካ ድረስ አይነዳበት» አልኩ። አንዱ አልመለሰልኝም፤ እስከ ማታ አራቴ ሞከርኩ። ካሊፐር የሌላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በማግስቱ ገዝቼ ላክሁላቸው። ከሁሉም አንድ ሌላ ስህተት ተገኘ። አንድ ጥንድ ፔዳል «እንግሊዝ» ብዬ የጻፍኩበት፣ ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር የፈረንሳይ ሆኖ ተገኘ። የተለመደው ከ14.2 ትንሽ ይበልጣል። ስለሚያንስ ላላ ብሎ ይገባል፤ ሰውዬው ቆሞ ሲረግጠው ደግሞ ሊነቀል ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነበር።

ወደ ዊስኮንሲን መልሼ ደወልኩ። «ፍሬሙን ይላኩልኝ። የመላኪያውን እኔ እከፍላለሁ። እኔው ነኝ የማስተካክለው» አልኳቸው። ትንሽ አመነቱ። የወንድማቸው ነው፤ ከእጃቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ቧንቧዎቹን ሁሉ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው ነበር የላኩት።

የተላጨ ጥርስ አይመለስም። አንድ መንገድ ግን አለ። የጣልያኑ ጥርስ ከሁለቱም ሰፊ ነው፤ 36 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ። የተበላሸውን የእንግሊዝ ቧንቧ አስፍቶ በጣልያን ልክ አዲስ ጥርስ ማውጣት ይቻላል። ሱቃችን ውስጥ መሣሪያው ነበር፤ ከባድ፣ ሁለት እጀታ ያለው፣ በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ሰጠኝና «ቀስ በል» አለኝ።

ፍሬሙን መያዣው ላይ አሰርኩ። መጀመሪያ የማስፊያው ምላጭ። ከዚያ ጥርስ ማውጫው። ዘይት አፈሰስኩ። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ሲመለስ ቁራጩ ብረት «ቅጭ» ብሎ ይሰበራል። እንደገና ዘይት። የሚወጣው ብረት ቀጭን፣ የተጠቀለለ፣ ትኩስ ነው። ከቀለሙ ላይ አንድ ቅንጣት እንዳይነሳ ዙሪያውን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። በዚያ ቧንቧ ላይ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። በመጨረሻ አዲሷን ኩባያ በጣቴ ያዝኳትና አዞርኩ። ያለ ቁልፍ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ገባች።

በዚህ መሃል ካርቶኑን መልሼ አስመጣሁት። አሁን በምናዞረው ላይ የአገር ስም አይጻፍም። ወረቀቷ ላይ ስፋት፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት፣ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ የለካው ሰው ስምና ቀኑ ነው ያለው። ያልተለካ ዕቃ ካለ ወረቀቱ ላይ «አልተለካም» ይባላል። የዊስኮንሲኑ ሽማግሌ አሁንም ስድስተኛው ናቸው። ከሁላችንም ይልቅ በጥንቃቄ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው።

ፍሬሙን ከመላኬ በፊት ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ብስክሌቱ ላይ የእንግሊዝ ሠሪው ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ጠጋኝ ያንን አይቶ የእንግሊዝ ኩባያ ያነሳል። አሁን ፍሬሙ ራሱ እንደኔ ወረቀት ሆኗል፤ ስሙ ሌላ፣ ጥርሱ ሌላ። የቀኙ ኩባያም ከእንግዲህ ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው፤ በግድ ወደ ግራ የሚያዞረው ሰው ይመጣል።

ደወልኩላቸው። «ከቧንቧው ሥር፣ በማይታይበት በኩል፣ ቁጥር ልምታበት?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ወንድሜም ቢሆን ይለኝ የነበረው ምታበት ነው» አሉኝ።

የቁጥር መምቻዎቹን ከመሳቢያ አወጣሁ። ፍሬሙን ገለበጥኩት። እያንዳንዱን ቁጥር በእርሳስ መስመር ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩ። አራት ምት ነበር። 3፣ 6፣ ከዚያ ትንሽ ክፍተት፣ 2፣ 4። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ከዚያ በመጣበት ብርድ ልብስ መልሼ ጠቀለልኩት።