ለሚያለከልክ ሰው የሚሆን ጠመንጃ

ለደጋ አጋዘን አደን ወደ አርሲና ባሌ ተራሮች የሚመጡ እንግዶች ጠመንጃቸውን የሚመርጡት አጋዘኑን እያሰቡ ነው። እኔ መሪያቸው ግን የማስበው ስለ ተኳሹ ነው፤ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ወጥቶ፣ እያለከለከ፣ ልቡ ጆሮው ውስጥ እየመታ ቃታ ስለሚስበው ሰው።

ትልቁ ወንድ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ጎሽ ብርቱ አይደለም። ሳንባውን ያገኘው ጥይት ይጥለዋል። ለዚህ 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለው ጠመንጃ ባለ 180 ግሬን (12 ግራም ያህል) ጥይት ከበቂ በላይ ነው። ጎሽና ዝሆን የሚጣልበትን 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ተሸክሞ የሚመጣም አይጠፋም። ጠመንጃውን አልነቅፍም፤ ትከሻው ምቱን ስለሚፈራ ገና ሳይተኩስ ዓይኑን የሚጨፍነውን ሰው ግን ምን ላድርገው?

የጠመንጃው ክብደት ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 4 ኪሎ ባያልፍ ደስ ይለኛል። አፈሙዙም አጠር ይበል፤ አስታው፣ ማለትም የደጋው ቁጥቋጦ፣ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ረጅም አፈሙዝ በየቅርንጫፉ ይያዛል። ከአፈሙዙ ሥር የሚታጠፉት ሁለት እግሮች ደግሞ እዚህ ጥቅም የላቸውም፤ ተኝቶ የሚያነጣጥር ሰው ከአስታ ሌላ የሚያየው ነገር የለም። ባለ ሦስት እግር ረጅም ምርኩዝ ይያዝ። ለዝናቡ ደግሞ የአፈሙዙን አፍ በኤሌክትሪክ ፕላስተር መሸፈን ይበቃል፤ ሲተኮስ ከጥይቱ ቀድሞ የሚወጣው አየር ይበጥሰዋል።

ካምፕ እንደደረስን ከቡናም በፊት ዒላማ እናቆማለን። መነጽሩ በጉዞ ላይ ተነቅንቋል፤ አየሩም ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በ200 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ በ300 ሜትር አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ገደሉ ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል፦ 30 ዲግሪ ቁልቁል 300 ሜትር ርቆ የቆመውን እንስሳ 260 ሜትር ላይ እንዳለ ቆጥሮ መተኮስ ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ካሰበው ከፍ አድርጎ ይመታል።

ስለ ልብስ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለጉዞው ነው፤ የሚያሠቃየው ግን መቀመጡ ነው። አጋዘኑ ለግጦሽ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና አመሻሽ ላይ በመሆኑ በጨለማ ወጥተን ከማዶ ተቀምጠን ሸንተረሩን በባይኖኩላር እንፈትሻለን። በላብ የራሰ ሸሚዝ ያን ጊዜ ዋጋውን ያስከፍላል፤ ስለዚህ ደረቅ ሸሚዝ ከቦርሳው አናት ላይ ይቀመጥ። ሲራመዱበት የሚንኮሻኮሽ የዝናብ ካፖርት ካምፕ ይቅር። የአጋዘኑን ጆሮ ስፋት ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

ዱካ ተከታዮቻችን ብርድ ልብስ ደርበው፣ የፕላስቲክ ቦቲ ተጫምተው ነው የሚወጡት፤ ውድ መነጽር የያዘው እንግዳ ገና ሲያስተካክል እነሱ በዓይናቸው አይተው ጨርሰዋል። ይህን አይቶ ቦቲ ልግዛ ያለ እንግዳ ነበር። እንዳይሞክረው ለመንኩት፤ ቁርጭምጭሚቱ እንደ እነሱ በዚህ ተራራ ላይ አላደገም። ያረጀና እግሩን የለመደ የቆዳ ጫማ ይሻለዋል።

ጥይት 40 ፍሬ ይበቃል፤ ግማሹ ለዒላማ ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች እስከ 5 ኪሎ ድረስ ይፈቅዳሉ፤ 40 ፍሬ ግን አንድ ኪሎ ተኩል እንኳን አይሞላም። በተረፈው ኪሎ የሱፍ ካልሲ ይዛችሁ ኑ።