ክፍያው ከአደጋው በፊት ይምጣ

ኩባንያዎች ለኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ) ሶፍትዌር ይክፈሉ ወይስ አይክፈሉ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ሐሳቤ ኤክስዜድ ላይ ያርፋል።

ኤክስዜድ ፋይል ጨምቆ የሚያሳንስ መሣሪያ ነው። ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ ዓመት እያረመና እያሻሻለ የጠበቀው በዋናነት አንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች «ለምን ዘገየህ?» እያሉ ሲነዘንዙት፣ ጤናው እንደተጓደለና ሥራው ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን በአደባባይ ጻፈ። «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው ግን አብሮት ይሠራ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት አግዞ፣ ታምኖ፣ ኃላፊነቱን ከተጋራ በኋላ በ2024 ሰርጎ ለመግባት የሚያስችል ስውር ኮድ ከተተበት። ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስቀምጥ ብሎት።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ለዚያ የደከመ ሰው እጁን የዘረጋለት አጥቂው ነበር። ሰርቨሮቻቸውን በእሱ ኮድ የሚያስኬዱት ሀብታም ኩባንያዎች የት ነበሩ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝም ያው ነው። ቀዳዳው የተገኘበት ኦፕንኤስኤስኤል፣ የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ሶፍትዌር፣ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጉዱ ከወጣ በኋላ ትልልቆቹ ተሯሩጠው በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ላይሰንሱ ነፃ ነው ካለ ለምን እንከፍላለን?» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። በሕጉ ልክ ናቸው። ግን ያው ላይሰንስ «እንዳለ ውሰዱት፣ ዋስትና የለውም» ይላል፤ እኛ ደግሞ ቀዳዳ በተገኘ ማግስት እንዲደፈንልን እንጠብቃለን። ኮዱ በነፃ ተሰጥቶናል፣ ይሁን። የዚያ ሰው ሌሊት ግን አልተሰጠንም። በ2022 መጀመሪያ፣ ሎግፎርጄ በተባለ ሌላ ሶፍትዌር የተገኘ ቀዳዳ ዓለምን ባስጨነቀበት ሰሞን፣ አንድ ግዙፍ ኩባንያ ከርል ለተባለው የመረጃ ማስተላለፊያ መሣሪያ ፈጣሪ ለዳንኤል ስቴንበርግ የጥያቄ መዓት ልኮ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ስጠን አለው። ምንም ውል አልነበራቸውም። እሱም የድጋፍ ውል ስትፈርሙ በደስታ እመልሳለሁ አላቸው። ይህን መልስ እወደዋለሁ፤ ጨዋም ነው፣ ትክክልም ነው።

ለሚቀጥለው በጀት ጥያቄ እያዘጋጀሁ ነው። ከምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው የኮድ ጥቅሎች) መካከል አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚጠብቃቸውን ለይቼ፣ በየወሩ የማይቋረጥ ክፍያ እንዲመደብላቸው እጠይቃለሁ። አንዴ ተሰጥቶ የሚረሳ ገንዘብ ማንንም ሥራውን አስለቅቆ ኮድ ላይ አያስቀምጥም።

ስጋቴ ከፋዩ አዛዥ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ክፍያው ይህን ጨምር ያንን አውጣ የማለት መብት እንደማይሰጠን በግልጽ ጽፌያለሁ። አለቃዬ ይቺን መስመር እንዳወጣት ትጠይቀኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ያለሷ ጥያቄውን አላስገባም።