መጀመሪያ እንቅልፉ፣ ሶላሩ ከዚያ በኋላ

ለማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ሶላር መግጠም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ዋት ፓኔል ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ቦርዱ ሲተኛ፣ ማለትም ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ፣ ስንት ኤሌክትሪክ ይበላል?» ብዬ እመልስለታለሁ። ይህን ለክቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የፓኔሉን መጠን የሚወስነው ግን እሱ ነው።

የኔ ሥራ ትንሽ ናት። ኮልፌ ያለው ቤታችን ላይ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከፍ ብሎ በብረት ማማ ላይ ተቀምጧል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ስንት እንደቀረ ለማወቅ እማዬ መሰላል ትወጣና ጣቶቿን አጥፋ ሮቶውን ታንኳኳዋለች። ከላይ ጀምራ ወደ ታች ትወርዳለች። ባዶው ክፍል ያስተጋባል፣ ውሃ ያለበት ግን ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የተቀየረበት ቦታ ላይ መዳፏን ታሳርፍና «እስከዚህ ነው» ትላለች። በዚህ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ መሰላሉም በክረምት ያንሸራትታል። እኔ የፈለግኩት እሷ መሰላል መውጣቷን እንድትተው ነው።

ማማው ላይ ሶኬት የለም። በዝናብ የሚርስ ብረት ላይ የ220 ቮልት ገመድ መዘርጋት ደግሞ ማንም ሊያደርገው አይገባም። ስለዚህ ሶላር ሆነ።

ዕቃዎቹ ቀላል ናቸው። ኢኤስፒ 32 የሚባለው ባለ ሬዲዮ ማይክሮኮንትሮለር፣ የሮቶው ክዳን ላይ ወደ ታች የሚያይ ውሃ የማያስገባ የአልትራሳውንድ ሴንሰር (በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ)፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ አንድ 18650 የሚባል የሊቲየም ሴል፣ ቲፒ 4056 የሚባለው ትንሹ ቻርጀር። ፓኔሉን አልገዛሁትም። ገጠር ያለው አጎቴ ቤት አንዲት የተበላሸች የሶላር ፋኖስ ነበረች። እነዚህ ፋኖሶች መጀመሪያ የሚሞቱት ባትሪያቸው ነው፤ ፓኔሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ስለካት ሥራዋን ትሠራለች። ባለ 6 ቮልት፣ 1 ዋት ነች። የመጽሐፍ ሽፋን እንኳ አታክልም።

አሁን ወደ እንቅልፉ። ኢኤስፒ 32 ቺፑ ራሱ ዲፕ ስሊፕ (አብዛኛውን ክፍሉን አጥፍቶ የሚቆይበት ጥልቅ እንቅልፍ) ውስጥ ሲገባ የሚወስደው ወደ 10 ማይክሮ አምፔር ነው። ከመርካቶ የገዛሁትን ሙሉ ቦርድ አስተኝቼ በቴስተር ስለካው ግን ወደ 10 ሚሊ አምፔር አሳየኝ። አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ቺፑ ተኝቷል፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ግን ነቅቷል። ቀዩ የፓወር መብራት ይበራል። የዩኤስቢው ቺፕ ሥራ ባይኖረውም ይጠብቃል። ከሁሉ የሚብሰው ኤኤምኤስ 1117 የሚባለው ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ለቺፑ የሚያስተካክለው ክፍል) ነው፤ ምንም ሳይሠራ ብቻውን ወደ 5 ሚሊ አምፔር ይበላል። በዚያ ላይ ይህ ሬጉሌተር 3.3 ቮልት ለማውጣት ከ4.3 ቮልት በላይ መግባት አለበት። የሊቲየም ሴል ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ነው። ለዩኤስቢ የተሠራ ቦርድ ነው፣ ለባትሪ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ እንደሚንጠባጠብ ቧንቧ ነው፤ ጠብታዋን ማንም አይሰማትም፣ ጠዋት ግን ባልዲው ሙሉ ነው።

ስለዚህ ሙሉውን ቦርድ ትቼ የኢኤስፒ 32ን ሞጁል (ቺፑና አንቴናው ያሉበትን ትንሽ ክፍል) ብቻውን ወሰድኩ። ኤምሲፒ 1700 የሚባል ሬጉሌተር በየድኩለት፤ እሱ ራሱ የሚወስደው 2 ማይክሮ አምፔር እንኳ አይሞላም። ሞጁሉ ሬዲዮውን ሲከፍት በአንድ ጊዜ ከ200 ሚሊ አምፔር በላይ ስለሚስብ እግሩ ሥር ለቅጽበት ኃይል የሚያጠራቅም 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አደረግሁ። ሴንሰሩን ደግሞ በ3.3 ቮልት የሚሠራውን ዓይነት መርጬ በሞስፌት (ቺፑ በሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ኃይል እንዲያገኝ አደረግሁ። ቺፑ ሲነቃ ሴንሰሩ ይበራል፣ ከለካ በኋላ ይጠፋል። ይህን ካላደረጋችሁ ሴንሰሩ ብቻውን የተኛውን ቺፕ ብዙ መቶ እጥፍ ይበላል።

ስለ መለካት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነውና። ቴስተሩን ማይክሮ አምፔር ላይ አድርጋችሁ ከባትሪው ጋር በተከታታይ ካስገባችሁት ቺፑ አይነሳም። በዚያ ሬንጅ ቴስተሩ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ትልቅ ስለሆነ ቺፑ ገና ሲነቃ ቮልቴጁ ወርዶ እንደገና ሪስታርት ያደርጋል። መፍትሔው አጭር ሽቦ ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኙ፤ ቺፑ ይነሳ፣ ሥራውን ይጨርስ፣ ይተኛ። ከተኛ በኋላ ሽቦውን ቀስ ብላችሁ አንሱት። ያኔ እውነተኛውን የእንቅልፍ ፍጆታ ታነባላችሁ። እኔ ያነበብኩት ከ50 ማይክሮ አምፔር በታች ነው።

ሒሳቡን እንየው። መሣሪያዬ በየ15 ደቂቃው ይነቃል፤ በቀን 96 ጊዜ። እያንዳንዱ ንቃት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፣ በአማካይ 100 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 3 ሚሊ አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) አይሞላም። እንቅልፉን ስንጨምር 4 ገደማ። የመጀመሪያው ቦርድ ግን በእንቅልፍ ብቻ በቀን 240 ይበላ ነበር። አንድ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሴል ያንን ቦርድ ስምንት ቀን ቢያቆይ ነው። ይህኛውን ያለ ምንም ፀሐይ ወራት ያቆየዋል። ትልቅ ፓኔል ሳይሆን ትንሽ ሬጉሌተር ነው ለውጡን ያመጣው።

አንድ ሰከንድ ብቻ የምትነቃው ዋይፋይ ስለማልጠቀም ነው። ዋይፋይ ራውተሩን እስኪያገኝ፣ አድራሻ እስኪቀበል ብዙ ሰከንዶች ይፈጃል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። ማማው ላይ ያለው ምስኪን ቺፕ ግን መብራት መጥፋቱን አያውቅም፤ ራውተሩን እየፈለገ ባትሪውን ይጨርሳል። በዋይፋይ የምትሠሩ ከሆነ ኮዱ ውስጥ ገደብ አስቀምጡ፤ አምስት ሰከንድ ሞክሮ ካላገኘ ይተኛ። እኔ ኢኤስፒ ናው ነው የምጠቀመው፤ አንዱ ኢኤስፒ ለሌላው በቀጥታ ይልካል፣ በመሃል ራውተር የለም። ኩሽና ውስጥ ያለው ተቀባይ የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ስንት ውሃ እንደቀረ ማወቅ የሚያስፈልገው በዚያው ሰዓት ነው።

ፓኔሉን ወዴት እናዘንብለው? ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚጻፉት መመሪያዎች ወደ ደቡብ 35 ወይም 40 ዲግሪ አዘንብሉት ይላሉ። ለእነሱ ትክክል ነው፣ ለእኛ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአናታችን ትክክል በላይ ትሆናለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት አካባቢ። በነዚህ መካከል፣ ሰኔንና ሐምሌን ጨምሮ፣ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። ሰኔ ላይ ስድስት ሰዓት ቀን ደጅ ቁሙና ጥላችሁን እዩት፤ ወደ ደቡብ ነው የሚያዘነብለው። እንግዲህ ፓኔላችሁን ወደ ደቡብ 40 ዲግሪ ብታዘነብሉት በዓመቱ ብርሃን በሚያንስበት ወቅት ፊቱን ከፀሐይ ታዞሩታላችሁ።

በክረምት ደግሞ አብዛኛው ብርሃን የሚመጣው ከዳመናው ነው፣ ከሰማዩ ሁሉ ተበትኖ። ጠፍጣፋ የተቀመጠ ፓኔል ሰማዩን ሁሉ ያያል። እኔ 10 ዲግሪ ብቻ ነው ያዘነበልኩት፤ እሱም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ብዬ ነው። ከዚህ ሌላ ልብ ያልኩት ምሥራቁን ነው። በክረምት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ነው፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። የጠዋት ፀሐይ የሚጋርድ ግንብ ወይም ባሕር ዛፍ በምሥራቅ በኩል ካለ ፓኔሉን ሌላ ቦታ ፈልጉለት። ትንሽ ጥላም ቢሆን አትናቁ። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ከተጋረደ ሌሎቹም አብረው ይዳከማሉ።

ድፍን ባለ የሐምሌ ዳመና ፓኔሉ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ቢሰጥ 16 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። አምስት ሰዓት እንኳ እንደዚያ ቢቆይ 80 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይሆናል። የሚያስፈልገኝ 4 ነው። ክረምት አያሳስበኝም።

ስለ ቻርጀሩ፦ ቲፒ 4056 ሲገዛ ለ1 አምፔር ነው የተስተካከለው። ለትንሽ ፓኔል ያ ብዙ ነው። ጅረቱን የሚወስነውን ሬዚስተር ወደ 10 ኪሎ ኦም ስትቀይሩት ወደ 130 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። አሮጌ ሴል የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ያበጠ፣ ዝገት የያዘው፣ ቮልቴጁ ከ2 በታች የወረደ ሴል ቤታችሁ ላይ አትስቀሉ። መከላከያ ሰርኪዩት ያለበትን ቻርጀር ግዙ፤ ልዩነቱ ጥቂት ብር ነው። ቺፑና ባትሪው ያሉበትን ሣጥን ከፓኔሉ ሥር ነው ያስቀመጥኩት፣ ጥላ እንዲያገኝ። የሊቲየም ሴል ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ፀሐይ ላይ የተዘጋ ጥቁር ሣጥን ደግሞ ያን በቀላሉ ያልፈዋል።

ኩሽና ውስጥ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ስክሪን በመቶኛ ነበር የሚያሳየው። እማዬ አየችውና «ስልሳ ሁለት ምንድን ነው? ስንት ጀሪካን እንደቀረ ንገረኝ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 100 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር የጀሪካን ነው። ልብስ የሚታጠብበትን ቀን የምትወስነው እሱን አይታ ነው። መሰላሉ አሁን በረንዳ ላይ ነው።

ቀጥሎ የምሞክረው ሌላ ዓይነት ሴል ነው፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው። መደበኛ ቮልቴጁ 3.2 ስለሆነ ኢኤስፒ 32ን ያለ ሬጉሌተር በቀጥታ ማንቀሳቀስ ይችላል፤ ሙቀትም የበለጠ ይችላል። ቻርጀሩ ግን መቀየር አለበት፣ ምክንያቱም ይህ ሴል የሚሞላው እስከ 3.65 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ በቲፒ 4056 ሊሞላ አይገባም። ጎረቤታችን ለሮቶዋ አንድ እንድሠራላት ጠይቃኛለች። የሷን በዚህ ሴል ነው የምሠራው።