ወጪ ሳልጨምር የቤቴን ቆሻሻ የቀነስኩበት መንገድ

ሱፐርማርኬት ውስጥ «ለአካባቢ ተስማሚ» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ውድ ነው። የቀርከሃ ጥርስ ብሩሽ፣ ከውጭ የመጣ ሳሙና፣ ያማረ የጨርቅ ቦርሳ። ደሞዙን ለቤት ኪራይ፣ ለጤፍና ለትምህርት ቤት ለሚከፋፍል ቤተሰብ ይሄ አያዋጣም። ስለዚህ ስጀምር አንድ ደንብ አወጣሁ፦ አዲሱ ነገር ከምተወው በላይ ወጪ ካለው አልገዛውም። ዛሬም በዚሁ ነው የምሄደው።

መጀመሪያ ምንም አልገዛሁም። የሰፈራችን የጽዳት ማኅበር ልጆች ከመምጣታቸው በፊት ቆሻሻ የምናጠራቅምበትን ማዳበሪያ ከፍቼ ምን እንዳለበት አየሁ። ከአትክልት ልጣጭ ቀጥሎ የበዛው ፌስታል ነበር። የሽንኩርቱ፣ የዳቦው፣ የሥጋው። ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የላርጎ ዕቃ፣ የኦሞ ላስቲክ፣ ያገለገለ ሶፍት። ከየት መጀመር እንዳለብኝ እዚያው ታየኝ። ይሄ ሁሉ ደግሞ የሚሄድበት ቦታ አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ቆሼ፣ ሲደረመስ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የተከመረባቸው እኛ ከየቤታችን ያወጣነው ነው። ለኔ ነገሩ የፋሽን ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ፌስታልን የቀነስኩት በራሱ በማዳበሪያ ነው። የጤፍና የስኳር ባዶ ማዳበሪያዎች አጥቤ ሰፈር ላለ ልብስ ሰፊ ወሰድኩ። ጠንካራ እጀታ ያላቸው ዘንቢሎች አድርጎ ሰፋልኝ። ማዳበሪያውም ፕላስቲክ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አስቤዛ ሙሉ ተሸክሞ ለዓመታት ያገለግላል። ካረጀ ነጠላ ደግሞ ለዳቦና ለሽንኩርት የሚሆኑ ትናንሽ ከረጢቶች ወጡ። ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ሳህን ይዤ እሄዳለሁ። ሥጋውን መጀመሪያ ይመዝነዋል፣ ከዚያ ሳህኑ ውስጥ ይገለብጠዋል። በሚዛን ጭቅጭቅ የለም።

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር የጉሊቷ እናት ደስታ ነው። «ፌስታሉን እኮ በገንዘቤ ነው የምገዛው ልጄ» አለችኝ። ያኔ ነው ለሷም ወጪ መሆኑ የገባኝ። አሁን ከረጢቴን ስዘረጋላት አንድ ሁለት ቃሪያ ትመርቅልኛለች። አስቸጋሪው ትልቁ የገበያ ቀን አይደለም፤ ከሥራ ስንመለስ ከታክሲ ወርደን የምንገዛት ትንሽ ነገር ናት። ስለዚህ አንድ የታጠፈ ከረጢት ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ትልቁ ዘንቢል ደግሞ በሩ ላይ ይሰቀላል። ካልተሰቀለ ይረሳል።

ሕጉም ወደዚያው እየሄደ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታልን ይከለክል ነበር፣ ገበያው ግን እንዳልሰማ ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ጠንከር ያለ ነው፤ ፌስታልን ራሱን ያግዳል። ተገዶ ከመተው ወዶ መልመዱ ይቀላል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ እንዶድ። እናቴ ጋቢና ነጠላ በኦሞ ሲታጠብ አይሆንላትም። ጥጡ ይጎዳል ትላለች። ደረቁን የእንዶድ ፍሬ ሾላ ገበያ ቅመም ከሚሸጡ እናቶች እገዛለሁ። በሙቀጫ እወቅጠውና ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ሲታሽ አረፋው ይነሳል። ከዚያ በጨርቅ አጠልለውና በውሃው ነጭ ልብስ አጥብበታለሁ። ፍሬው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ አረፋውም ቆሻሻ ማስለቀቁም የሚመጣው ከሱ ነው። ጋቢው ለስለስ ብሎ ይወጣል። የሽቶ ጠረን የለውም፣ ንጹሕ ጥጥ ጥጥ ይሸታል።

ይሄው አረፋ ነው ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን ለዓለም ያስተዋወቀው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አገኘ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። የእናቶቻችን ሳሙና እንዲህ ያለ ታሪክ አለው፤ እኛ ግን ረስተነው የላስቲክ ኦሞ እንሸከማለን።

ግን እንዶድ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል። እጣቢው ወንዝ ውስጥ መደፋት የለበትም። ቢዋጥ ይመርዛል፣ ስለዚህ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ሲወቀጥ አቧራው ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል፤ እኔ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ነው የምወቅጠው። ለዕቃ ማጠቢያም አልጠቀመውም።

ለዕቃ ያለው መፍትሔ ከዚያም ቀላል ነው። ላርጎ ትቼ ወደ ደረቅ ሳሙና፣ ወደ 501 ተመለስኩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ የለውም፣ ብዙም ይቆያል። ዘዴው ሳሙናው ውሃ ውስጥ እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው፤ ቀዳዳ ባለው ነገር ላይ ካልተቀመጠ ሟሙቶ ያልቃል። በስፖንጅ ፋንታ ቃጫ ይዣለሁ። ሲያረጅ የአበባ አፈር ውስጥ እቀብረዋለሁ። ያረረ ድስት ከቡናው ከሰል የተረፈውን አመድና ሎሚ ነክቼ ስፈትገው ይለቃል። ቴፍሎን መጥበሻ ላይ ግን አመድ አይነካም፣ ይፍቀዋል።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለሚጋገረው ነጭ ነገር አቼቶ በቂ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ጨምሬ አፈላና አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት አለቅልቀዋለሁ። አቼቶንና ቤኪንግ ሶዳን ቀላቅላችሁ በጠርሙስ አስቀምጡ የሚል ምክር በየቦታው አያለሁ። አይጠቅምም። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል፣ የሚተርፈው ጨው ያለበት ውሃ ነው። ሶዳውን ለማሻሸት፣ አቼቶውን ለብቻው ተጠቀሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ነው፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጎዳል።

ሶፍትን በአሮጌ ቲሸርት ቁራጭ ተክቻለሁ። ለእጅ፣ ለጠረጴዛ፣ ለምድጃ የተለያየ ቀለም።

የሚታጠብ ሞዴስም ቤታችን ገብቷል። አገር ውስጥ የሚሠራ አለ። መቀሌ ላይ ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በዚሁ ሥራቸው በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። መጀመሪያ ሲገዛ ከአንድ ፓኬት ይወደዳል፣ ግን በየወሩ አይገዛም።

ከሁሉ የከበደኝ ውሃ ነው። የሚታጠብ ነገር ሁሉ ውሃ ይፈልጋል፣ የኛ ሰፈር ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የጨርቅ ዳይፐርን ቀን ቀን ብቻ ያደረግኩት ለዚህ ነው፤ ሌሊት የሚጣለውን እጠቀማለሁ። ጨርቆቹን የማጥበው ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ በባልዲ ተጠራቅሞ ሽንት ቤት ላይ ይደፋል። ውሃ ጭራሽ ለሚጠፋበት ቤት ከጨርቅ ይልቅ ከፌስታልና ከሳሙናው እንዲጀምር ነው የምመክረው።

በረኪና አሁንም እገዛለሁ፣ ለሽንት ቤት። ሻምፖም አልቀየርኩም፤ ለፀጉሬ የሚስማማ ርካሽ ነገር አላገኘሁም። መንገድ ላይ ሃይላንድ መግዛትን ግን ትቻለሁ፤ ከቤት አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን በብረት ኮዳ እይዛለሁ። እንግዳ ይዞት የሚመጣው ባዶ ጠርሙስ ደግሞ ተጠራቅሞ ለቆራሌው ይሸጣል።